ለባሕር ዛፍ ፍልጥ የሚበረክት ጓንት እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ አካባቢ የጻፉልን አንድ ገበሬ እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ። «ከላሞቼ ጎን ለጎን የባሕር ዛፍ ቦታ አለኝ። በበጋ እየቆረጥሁና እየፈለጥሁ በአህያ ጭኜ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። እኔም ባለቤቴም ጓንት አድርገን ነው የምንሠራው፤ ነገር ግን ከሱቅ የምንገዛው ነጠብጣብ ጎማ ያለው የጥጥ ጓንት ሳምንት ሳይሞላው ይቀደዳል፤ ሳይቀደድም ስንጥር ያልፈዋል። ወፍራሙን የበያጅ ጓንት ብሞክር ደግሞ መጥረቢያ አላስጨብጥ አለኝ። የትኛውን ብገዛ ይሻላል?»

መልስ፦ በመጀመሪያ የተቀደዱትን አሮጌ ጓንቶች እንዳይጥሏቸው አደራ እላለሁ። ሦስት አራቱን ደርድረው ቀዳዳው የት ላይ እንደጀመረ ይመልከቱ። ፍልጥ የሚያነሣ ሰው ጓንት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሳሳው መሀል መዳፉ ላይ ሳይሆን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ስርጥ፣ በአውራ ጣቱ የውስጥ ጎንና በጣቶቹ ጫፍ ላይ ነው። ምክንያቱም ፍልጡ ተቆንጥጦ የሚነሣው በእነዚህ ቦታዎች ነው፤ ጭነቱ ሲታሰርም ገመዱ ተስቦ የሚጠብቀው በዚያው ስርጥ ውስጥ እያለፈ ነው። ስለዚህ አዲስ ጓንት ሲመርጡ ዓይንዎ አስቀድሞ ማረፍ ያለበት በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ እንጂ በጠቅላላ ውፍረቱ ላይ አይደለም።

የጥጡ ጓንት የከዳዎት ጥራቱ ስላነሰ ብቻ አይመስለኝም። ሹራብ ሆኖ የተሠራ ጨርቅ በክሮቹ መካከል ክፍተት አለው። ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ምድጃ የያዘው ባሕር ዛፍ ደግሞ፣ በተለይ ተፈልጦ ከደረቀ በኋላ፣ በጠርዙ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነና የጠነከረ ስንጥር ያወጣል። ይህ ስንጥር ወደ እጅ ለመግባት ክሩን መቁረጥ አያስፈልገውም፤ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል። ነጠብጣቡ ጎማም እንዳያንሸራትት የተደረገ እንጂ ከመወጋት የሚከላከል አይደለም። እርጥብ ቅጠልና ጭራሮ ለመሰብሰብ ይጠቀሙበት፤ ለፍልጥ ግን ቢያንስ መዳፉና ጣቶቹ በሙሉ እውነተኛ ቆዳ የሆነ ጓንት ያስፈልግዎታል።

ቆዳ ሲባል ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። የከብት ቆዳ በፋብሪካ ውፍረቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ፀጉሩ የነበረበት የላይኛው ክፍል ፊቱ ልሙጥ፣ ጭረቱም (ቆዳው የተሠራበት ቀጫጭን ክር) እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ጠንካራ ነው። የታችኛው ክፍል በሁለቱም ገጹ ሻካራ ሲሆን ዋጋው ይቀንሳል፤ አብዛኛው የበያጅ ጓንት የሚሠራውም ከእሱ ነው። ይህ ሻካራው ቆዳ ሙቀትንና ፍትጊያን በደንብ ይችላል፣ ነገር ግን በቀላሉ ውኃ ይጠጣል፣ ሲደርቅም ይገረድፋል። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እርጥብ በመሆኑ ይህ ጠባዩ ለእርስዎ ሥራ ትልቅ ጉድለት ነው። የፍየል ሌጦ በአንጻሩ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ ከእጅ ጋር ይለማመዳል፣ ጣትም እንደ ልብ ያጣጥፋል። የደጋ በጎቻችን ሌጦ ለቀጭን ጓንት በውጭ ገበያ ሳይቀር ስሙ የታወቀ መሆኑ የሚያኮራን ነገር ነው፣ ሆኖም ያ ልስላሴው ለፍልጥ ሥራ አይሆንም፤ ቶሎ ይተለተላል። ለእርስዎ የምመክረው ከፍየል ሌጦ ወይም ከከብት ቆዳ የላይኛው ክፍል የተሠራ፣ በአውራ ጣቱ ስርጥና በመዳፉ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ቁራጭ ቆዳ የተደረበበት ጓንት ነው። ድርቡ ሲያልቅ ዋናው ቆዳ ገና ያልተነካ ስለሚሆን፣ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው ሌላ ቁራጭ ማስደረብም ይችላሉ።

በገበያ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ እውነተኛውን ከሰው ሠራሹ መለየት ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «ንጹሕ ቆዳ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ጓንት በሁለተኛው ቀን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ፣ ከሥሩ ስስ ጨርቅ ብቅ ሲል አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጓንት ስገዛ ሁልጊዜ የማደርገው የእጅጌውን ጠርዝ ገልብጬ የተቆረጠውን ጎን በቅርብ ማየት ነው። እውነተኛ ቆዳ በተቆረጠበት ጠርዝ ላይ እንደ ጥጥ ብናኝ የደቀቀ ጭረት ይታይበታል፤ ሰው ሠራሹ ግን ከላይ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ከታች ደግሞ የጨርቅ ሽመና ሆኖ በሁለት ንጣፍ ተለይቶ ይታያል።

ከውጭ በሚመጡ ጓንቶች ጀርባ ላይ የመዶሻ ሥዕል ካለበት ጋሻ ሥር «EN 388» (ኢኤን 388፣ የአውሮፓ የመከላከያ ጓንት ደረጃ) የሚል ጽሑፍና የቁጥሮች ተርታ ሊያገኙ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ፍትጊያን፣ ሁለተኛው በስለት መቆረጥን፣ ሦስተኛው መተርተርን፣ አራተኛው መወጋትን የመቋቋም ደረጃ ነው። ለፍልጥ ዋናዎቹ የመጀመሪያውና አራተኛው ናቸው፤ የሁለቱም ከፍተኛ ደረጃ 4 ስለሆነ 3 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። ምልክት የሌለው ጓንት ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በአገር ውስጥ በደንብ የተሰፋ የቆዳ ጓንት ያለዚህ ጽሑፍም ጥሩ ሊሆን ይችላል።

ስፌቱን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ቆዳው ደኅና ሆኖ ክሩ በመበጠሱ ብቻ የሚጣል ጓንት ብዙ ነው። የአውራ ጣቱን መገጣጠሚያ በሁለት እጅዎ ጠበቅ አድርገው ወደ ጎንና ወደ ጎን ይሳቡ፤ በስፌቱ መካከል ብርሃን ከታየ ይተዉት። ስፌቱ ድርብ፣ ክሩም ናይለን ቢሆን ይመረጣል፤ የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ቶሎ ይበሰብሳል። በመዳፉ በኩል ስፌቱ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነም እያንዳንዱ ፍልጥ ክሩን እየፋቀ ስለሚያልፍ ዕድሜው አጭር ይሆናል።

ቀጥሎ ልኩ ነው። ጠባብ ጓንት በስፌቱ ይተረተራል፤ ሰፊው ደግሞ የጣቱ ጫፍ ባዶ ስለሚሆን በፍልጦች መካከል እየተቆነጠጠ ይቀደዳል፣ ጭብጥንም ያላላል። ከአውራ ጣት በላይ ያለውን የመዳፍ ዙሪያ በክር ለክተው ክሩን ሱቅ ይዘው ይሂዱ። ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ቁጥር 8፣ 23 ገደማ ከሆነ ቁጥር 9፣ 25 ከሆነ ደግሞ ቁጥር 10 ይሆናል። ለባለቤትዎ የእርስዎን ቁጥር አይግዙላቸው። በገጠር ስዞር አዘውትሬ የማየውና የሚያሳዝነኝ፣ ሸክሙን እኩል የሚሸከሙ ሴቶች ለወንድ እጅ በተሠራ ሰፊ ጓንት ሲቸገሩ፣ ኋላም አውልቀው በባዶ እጃቸው ሲሠሩ ነው። ለብዙዎቹ ቁጥር 7 ወይም 8 ይበቃቸዋል።

የገዙትን የበያጅ ጓንትም አይጣሉት። እጅጌው እስከ ክንድ ስለሚደርስ፣ አጋምና ቀጋ ሲመነጥሩ ወይም የግራር ቅርንጫፍ ሲጎትቱ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። መጥረቢያ ግን በወፍራም ጓንት አይጨበጥም፤ እጀታው ሲሾልክ መጥረቢያው እግር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሲፈልጡ ልክዎ የሆነውን የፍየል ሌጦ ጓንት ያድርጉ፤ እሱም እጀታው ላይ የሚያንሸራትትዎ ከሆነ ለመፍለጡ ጊዜ አውልቀው፣ ለማንሣትና ለመደርደር መልሰው ያጥልቁት። እንጨቱን በሚሽከረከር ክብ መጋዝ የሚያስቆርጡ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ጓንት እንዳያደርግ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ የመጋዙ ጥርስ የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጅን ጭምር ስቦ ያስገባል። በእጅ በሚያዝ የሞተር መጋዝም ቢሆን ተራ የቆዳ ጓንት ሰንሰለቱን ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ።

ጥሩ ጓንት ገዝቶ በአያያዝ ማበላሸት ቀላል ነው። የረጠበ ቆዳ ምድጃ አጠገብ ወይም በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ጣቶቹን ነፍተው፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር አንጠልጥለው ያድርቁት። ሁለት ጥንድ ገዝተው ቀን በቀን ቢያፈራርቁ አንዱ ላቡ በደንብ ስለሚደርቅለት፣ ሁለቱ በየተራ ሲሠሩ ከሁለት ተከታታይ ግዢ የበለጠ ይቆያሉ። አልፎ አልፎ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ቀለል አድርገው ይቀቡት፤ ቅቤና ሞራ ግን ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ስንጥር የሚገባበት ቀን አይጠፋም። ከብት ባለበት ግቢ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈሩም በእበቱም ውስጥ ይኖራል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጠልቆ የገባ ስንጥር መግቢያ ይሆነዋል። እጅን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በእሳት ወይም በፈላ ውኃ በጸዳ መርፌ ስንጥሩን በገባበት አቅጣጫ ማውጣት ይገባል። ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ፣ ወይም የቴታነስ ክትባት ከወሰዱ ረጅም ጊዜ ከሆነ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባለቤትዎ በእርግዝና ጊዜ ክትባቱን ወስደው ሊሆን ይችላል፤ ወንዶች ግን ብዙዎቻችን ካርዱ እንኳ የለንም፤ ስለዚህ እርስዎ ቁስል ሳይጠብቁ ቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል።