የውሃውን መንገድ የሚያውቅ ሰው

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ሥራ ትጀምራላችሁ። ግብርና ጣቢያ የምትመደቡ አላችሁ። ባንክ የምትገቡ፣ ሐኪም ቤት የምትገቡ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጡም አላችሁ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የአፈር ባለሙያ ሆኜ ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቶች "ስለ ሥራ ምከረን" ሲሉኝ ከመምህሮቼም ከአለቆቼም ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አባቴ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ልጽፍላችሁ።

አባቴ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጮቄ ተራራ ግርጌ ያረሰ ገበሬ ነበር። ፊደል አልቆጠረም። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው እዚህም እዚያም የተበታተነች፣ ተደማምራ ሁለት ሄክታር የማትሞላ መሬት ነው። ነፍሱን ይማርና ካረፈ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

ጠዋት ጠዋት ጋቢውን እንደደረበ ማሳውን ይዞር ነበር። ሥራ ባይኖርም ይዞራል። በሚካኤልና በማርያም ቀን በሬ አይጠመድም፤ እሱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በማሳው በኩል አድርጎ ነው ቤት የሚገባው። ጎንበስ ይላል። አፈር ያነሳል። በአውራ ጣቱ ፈጭቶ ይጥላል። በልጅነቴ ምን እንደሚያይ ጠይቄው አላውቅም። የጠየቅኩት ከተማርኩ በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ማሳ ካበላሸሁበት በኋላ።

መጀመሪያ ግን ስለ ፈሰስ ልንገራችሁ።

የእኛ አገር የሐምሌ ዝናብ ሲጥል ተዳፋቱን ይዞ ነው የሚወርደው። የጤፍ ዘር ደግሞ ደቃቅ ነው፤ አንዲት ግራም ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ አለ። አንድ ከባድ ዝናብ ዘሩን ከነአፈሩ ጠርጎ ወንዝ ሊከተው ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ከዘራ በኋላ ማሳውን በማረሻ አግድም ይቀደዋል፤ ውሃው በዚያ እንዲወርድ። ይሄ ነው ፈሰስ። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፈሰሱ ወደ ታች በጣም ከቀና ውሃው ይፈጥንና መሬቱን ይቦረቡረዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥጃ የሚገባበት ገደል ይሆናል። በጣም ከተጋደመ ደግሞ ውሃው ይተኛል፤ ሲሞላ ጥሶ በዘሩ ላይ ይሄዳል። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው። አባቴ ያንን ልክ የሚነግረው መሣሪያ አልነበረውም።

በሬዎቹን ቦራንና ዳልቻን ከማሳው ጫፍ ያቆማቸዋል። ቁልቁል ያያል። አይቸኩልም። ከዚያ ጅራፉ ይጮሃል፤ ማረሻው ይገባል። ሲጨርስ በተቀደደው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የላላውን ጠርዝ በመዳፉ ይጠቀጥቃል። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ወደ ቤት ስንሮጥ እሱ ገሳውን ጀርባው ላይ ጥሎ ወደ ማሳው ይሄዳል። ዶፉ ውስጥ ይቆማል። ውሃው የት ጋ እንደሚያመነታ፣ የት ጋ እንደሚፈጥን ሊያይ። እናቴ "ሰውዬ፣ ልትታመም ነው!" ትለዋለች። እሱ ግን ውሃው የሚታየው ሲዘንብ ብቻ ስለሆነ ይሄዳል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፈሰስ የሚያልቀው ሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ጠብ፣ ስንት ሽምግልና አይቻለሁ። አባቴ ፈሰስ ከማውጣቱ በፊት ከታች ያለውን ጎረቤቱን ይጠራዋል። "ዘንድሮ ውሃውን በየት በኩል ልልቀቅልህ?" ይለዋል። ሁለቱ አብረው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። አንዳንዴ አባቴ የገዛ ዘሩን አበላሽቶ ሁለት ክንድ ያህል ያዞረዋል። የእናንተም ሥራ እንዲሁ የሚያልቀው ሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው። የምትጽፉት ሪፖርት፣ የምትሠሩት ሶፍትዌር፣ የምታዙት መድኃኒት ከእጃችሁ ሲወጣ ወደ አንድ ሰው ይወርዳል። እባካችሁ ያንን ሰው አስቀድማችሁ ጥሩት።

አሁን ወዳበላሸሁት ማሳ ልመለስ። ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ አገር ቤት ገባሁ። በአገሪቱ ለብዙ ዘመን የነበረው የማዳበሪያ ምክር አንድ ዓይነት ነበር። በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ ከዚያ ዩሪያ። ለቀዩም አፈር፣ ለዋልካውም። እኔም ያንን ቁጥር በቃሌ ይዤ፣ በደመወዜ ማዳበሪያ ገዝቼ፣ በአህያ ጭኜ መጣሁ። አባቴ ደስ አለው። ራቅ ላሉት ማሳዎች እሺ አለ። የጓሮውን መሬት ሲያይ ግን "ይሄኛው ይቅር። ጠግቧል" አለኝ።

"አባዬ፣ ጥናቱ እንዲህ አይልም" አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። "እሺ ልጄ" አለ።

ነሐሴ ላይ የጓሮው ጤፍ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወገብ ደረሰ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደንቃል። መስከረም ላይ አንድ ሌሊት ነፋስ ቀላቅሎ ዘነበ። ጠዋት ስንወጣ ማሳው ሰው የተኛበት ምንጣፍ መስሏል። ጋሽቧል። ጤፍ ማዳበሪያ ሲበዛበት አገዳው ይረዝምና ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ይህን እኔ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ማርክ ያገኘሁበት ነገር ነው! በአጨዳ ጊዜ አባቴ እያንዳንዱን እፍኝ በግራ እጁ ከመሬት እያነሳ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው ያጨደው። ያገኘነው ፍሬ ከወትሮው ያነሰ ነበር። አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም።

ማታ እሳት ዳር ጠየቅኩት። "መጥገቡን በምን አወቅክ?"

"በአረሙ" አለኝ። "ሌላው ማሳ ላይ አረሙ ቀጫጫ ነው። እዚህ አረሙ ራሱ ወፍሮ ነበር። እናትህ አመዱንም እበቱንም የምትደፋው እዚያ ነው። አላየኸውም?"

አላየሁትም ነበር። በዚያ ማሳ ላይ ነው ያደግኩት፤ ግን አላየሁትም።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገሪቱ አፈር ናሙና እየተወሰደ ካርታ ሲሠራለት፣ ምክሩም በየአካባቢው እንዲለያይ ሲደረግ፣ እኔ የማስበው ያንን ማታ ነበር። ሳይንሱ ትልቅ ነገር ነው። እንዳታቃልሉት። የደጋው መሬታችን እየኮመጠጠ መሆኑን፣ ኖራ እንደሚያስፈልገው፣ በምን ያህል መጠን እንደሚያስፈልገው የነገረን ላቦራቶሪ ነው። አባቴ "መሬቷ ኮምጣለች" ከማለት አልፎ ምን ያህል ኖራ እንደሚበቃት ሊነግራችሁ አይችልም። ግን ላቦራቶሪው አፈሩን የሚያገኘው አንድ ሰው ከማሳው ላይ ሲያነሳለት ነው። ያ ሰው የት ጋ ጎንበስ ማለት እንዳለበት የሚያሳየው ገበሬው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመታችሁን ስጡ። ከመናገራችሁ በፊት ዙሩ። ፋብሪካ ከሆነ ማሽኑ አጠገብ ከሚውለው ሰው ጋር ቁሙ። ሐኪም ቤት ከሆነ ሌሊት የምታድረዋን ነርስ ጠይቁ። የምትጠይቁት ለይስሙላ አይሁን። "ይሄኛው ይቅር" ሲሏችሁ ለምን እንዳሉ ሳታውቁ አትለፉ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሲያጠፋ "አንተ ገበሬ!" ይባላል። ስድብ መሆኑ ነው። እናንተም ስትሉት ሰምቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። በሌላ በኩል ደግሞ ገበሬን አወድሶ፣ "የአገር ዋልታ" ብሎ፣ ከዚያ በድህነቱ ትቶት መሄድም ያው ነው። የአባቴ ኑሮ ከባድ ነበር። አንድ ዓመት ዳልቻ ሞቶበት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ፣ ተራ እየጠበቀ አርሷል። በ1960 የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ሲነሳ አይቷል። የ1967ቱን የመሬት አዋጅ አይቷል። የኮታ እህል አስረክቦ ባዶ ጎተራ ይዞ ከርሟል። እኔን ትምህርት ቤት የላከኝ ከዚህ እንድወጣለት ነው።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን መሬት ሲሸነሸን ከአባቴም ተቆረጠ። የተቆረጠው ከዋንዛዋ በታች ያለው፣ ከሁሉም በላይ የደከመበት ማሳ ነበር። ገና ሚስት ላገባ፣ መሬት ላልነበረው የመንደራችን ልጅ ተሰጠ። እኔ ከአዲስ አበባ ተናድጄ ደረስኩ። እንክሰስ አልኩ። አቤቱታም ጽፌ ይዤ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ቤት የለም። ፍለጋ ወጣሁ። ከዋንዛዋ በታች ከዚያ ልጅ ጋር አገኘሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይከተለዋል። አባቴ በዱላው ያሳየዋል።

"እዚህ ጋ ውሃ ይተኛል። እዚህ ጋ ፈሰስህን እንዳታቀናው። ከዋንዛዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ማረሻህን ይሰብርብሃል፣ ዞረህ እለፈው። ከታች ያሉትን ሰዎች ሳትጠይቅ ውሃ እንዳትለቅ።"

ልጁ "እሺ አያ፣ እሺ አያ" ይላል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ወደ ቤት ስንመለስ አልቻልኩም። "እንዴት ትችላለህ?" አልኩት። "የወሰደብህን ሰው እንዴት ታስተምራለህ?"

አባቴ ትንሽ ሄደ። ቆመ።

"መሬቷ ምን አጠፋች?" አለኝ።

አቤቱታውን አላስገባሁትም። ትክክል ነበርኩ ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። ፍትሕ ሲጓደል መናገር ያስፈልጋል። እናንተ ዝም በሉ አልላችሁም። ግን ያን ጠዋት አባቴ ስለ ራሱ እያሰበ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐምሌ ላይ መቃብሩን ላሳድስ ሄጄ ነበር። ያ ልጅ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። በሬ የሚነዳው ልጁ ነው። ከዋንዛዋ በታች ጤፍ ዘርተው ፈሰስ ሲያወጡ ደረስኩ። ቆሜ አየሁት፤ ፈሰሱ ድንጋዩን ዞሮ ያልፋል። ትንሽ እንደተጫወትን ሰማዩ ጠቆረ። "ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!" ብሎ ልጁን አስከተለልኝና ወደ ቤቱ ሮጥን። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል ሰውየው አልተከተለንም። ላስቲክ ራሱ ላይ ጥሎ፣ ዶፉ ውስጥ፣ ማሳው መሃል ቆሟል። ውሃውን እያየ።