ጉልበት ያጣ የሱፐርቻርጀር ሞተር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላቸውንና ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ የተቀየሩ ሞተሮችን የሚመለከቱ ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን ሞተር በግምት ሳይሆን በመለኪያ መርምሮ ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ሲ200 ኮምፕረሰር መርሴዲስ አለኝ፤ የሱፐርቻርጀሩን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ ብረት) በአነስተኛ አስቀይሬያለሁ። ከለገሃር ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ መጀመሪያ ላይ በደንብ ይጎትታል፤ ሞተሩ በደቂቃ ከ4,000 ዙር ሲያልፍ ግን ይደክማል። የግፊት መለኪያው 0.4 ባር ገደማ ደርሶ ተመልሶ ይወርዳል። ዕቃውን ከውጭ የላኩልኝ ሰዎች 0.5 ባር ይሰጣል ብለውኝ ነበር። ሱፐርቻርጀሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄዎ ሁለት ጉዳዮችን ይዟል፤ አንዱ ብልሽት ሲሆን ሌላው አይደለም። ብልሽት ካልሆነው ልጀምር። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለታሰረ፣ በተወሰነ ዙር ላይ የሚያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ ከማመቅ አልፎ የከፍታን ጉድለት በራሱ ፈጥኖ አያካክስም፤ ይህ በጭስ ግፊት የሚዞረው ተርቦ የሚችለው ነገር ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1.01 ባር ስለሆነ፣ አየሩን በአንድ ተኩል እጥፍ የሚያምቅ መሣሪያ መለኪያው ላይ 0.5 ባር ያሳያል። መሀል አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ ያው ጤነኛ መሣሪያ እዚህ የሚያሳየው 0.38 ባር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 0.4 ባር ማየትዎ ሊያሳስብዎ አይገባም።

ሊያሳስብዎ የሚገባው ግፊቱ ወጥቶ መውረዱ ነው። ሞተሩ ዙር እየጨመረ ሳለ ግፊት ከቀነሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቺንጋ መንሸራተት ነው። አነስተኛ ፑሌጃ ሲገጠም ቺንጋው የሚያቅፈው ገጽ ያንሳል፤ የቀድሞው ቺንጋ ሳይለወጥ ከቀረም ይረዝማል፣ መወጠሪያውም ወደ መጨረሻው ይጠጋና የመወጠር አቅሙ ይዳከማል። ሞተሩን አጥፍተው ሲቀዘቅዝ በባትሪ መብራት ይመልከቱ፦ የቺንጋው ጥርሶች እንደ መስተዋት አብረቅርቀው ከሆነ፣ በፑሌጃው ዙሪያም ደቃቅ ጥቁር የጎማ ብናኝ ከተጠራቀመ፣ ምክንያቱን አግኝተዋል ማለት ይቻላል። ከቴስታታው ሽፋን የሚያልብ ዘይት ቺንጋው ላይ ደርሶ እንደሆነ ግን ቺንጋውን ብቻ መለወጥ ትርፉ ወጪ ነው፤ አስቀድሞ የሽፋኑ ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) ይቀየር። በልኩ ያጠረ ቺንጋ ጌጃ ሰፈር ወይም ሶማሌ ተራ ሲፈልጉ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የጥርሱ ብዛትና ርዝመቱ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ቺንጋው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወደ ባይፓስ ቫልቭ ይሂዱ። ይህ ቫልቭ ሞተሩ ሥራ ሲፈታ አየሩን መልሶ ወደ መግቢያው ያዞራል፤ ጋዝ ሲረገጥ ግን መዘጋት አለበት። ቆሻሻ ይዞት ወይም ጎማው በስሕተት ተገጥሞ ክፍት ከቀረ፣ ሱፐርቻርጀሩ የታመቀውን አየር ለራሱ እየመለሰ ይደክማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የማኒፎልድ ቱቦዎችን (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሱትን) በጭስ መሣሪያ ማስፈተሽ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ ሲሞቅ የሚከፍት፣ ሲቀዘቅዝ የሚዘጋ ስለሆነ በዓይን ብቻ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ጠዋት መኪናዬ በጣም ጥሩ ነው። ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል በመጨናነቅ ከቆምኩ በኋላ ግን ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ የግፊት መለኪያው ግን አይወርድም።

መልስ፦ ግፊቱ ሳይወርድ ጉልበት መውረዱ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ችግሩ የአየሩ መጠን ሳይሆን ሙቀቱ ይመስላል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ በመጨናነቅ ውስጥ ደግሞ የታመቀው አየር ማቀዝቀዣ (ኢንተርኩለር) ነፋስ አያገኝም፤ በከተማችን ከፍታ ያለው ስስ አየርም ሙቀት የማንሣት አቅሙ ያነሰ ነው። ኮምፒውተሩ የሞቀ አየር ሲያይ ሞተሩ እንዳያንኳኳ (ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል) ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ያዘገያል፣ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። በስካነር የመግቢያ አየሩን ሙቀት ጠዋትና ከመጨናነቅ በኋላ ያነጻጽሩ። ማቀዝቀዣው በውኃ የሚሠራ ከሆነ ትንሿ የውኃ ፖምፓ መዞሯን ያረጋግጡ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ሞታ ሳለች ማንም ሳያስተውል ለዓመታት ይነዳል።

ጥያቄ፦ መካኒኬ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለክቶ አራቱም 9 ባር አካባቢ ስለሆኑ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) መቀየር አለበት ብሎኛል። መጽሐፉ 12 ባር ይላል።

መልስ፦ እባክዎ ሞተሩን አያስፈቱ። በመጽሐፉ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፤ በእኛ ከፍታ ወደ ሦስት አራተኛው ገደማ ስለሚወርድ 12 ባር የነበረው 9 ባር ገደማ ይሆናል። ዋናው የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ያን ጊዜ ምርመራው ይቀጥላል። ልኬቱ የተወሰደው ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተረግጦና ባትሪው በደንብ ተሞልቶ እንደሆነም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የከፍታውን ጉድለት ለማካካስ በጣም አነስተኛ ፑሌጃ አስገጥሜ፣ ነዳጁንም እዚሁ አስተካክለውልኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ችግር የለም። ወደ አዋሽ ስወርድ ግን ጋዝ ስረግጥ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ጉልበትም ያጣል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጥብቅ እንዲያዩት እለምናለሁ፤ ሞተር የሚሰበረው በዚህ መንገድ ነውና። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ወፍራም ነው። መሣሪያዎ አየሩን በእጥፍ የሚያምቅ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ 0.76 ባር የነበረው ግፊት እዚያ 0.9 ባር ይጠጋል፤ አየሩም የሚገባው አስቀድሞ ሞቆ ነው። ነዳጁ በዚያ ልክ ካልጨመረ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተኑም ሊቀልጥ ይችላል። በሙሉ ግፊት ላይ አንድ እጅ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12 እጅ አየር መሆን ይኖርበታል። የነዳጅ ግፊቱም ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል መውጣት አለበት፦ መነሻው 3 ባር ከሆነና አየሩ 0.9 ባር ካመጣ፣ ፖምፓው 3.9 ባር ይዞ መቆየት ይጠበቅበታል። አሮጌ ፖምፓና የተደፈነ ፊልትሮ ይህን አይችሉም። ወደ ቆላ ከመውረድዎ በፊት ትልቁን ፑሌጃ ያስመልሱ፤ ያ ካልተቻለ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ሳይረግጡ ይንዱ።

ጥያቄ፦ ማርሚታውን ሙሉ በሙሉ ባወጣው ጉልበት ይጨምራል?

መልስ፦ ካታላይዘሩ (በጭስ መውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ካልተደፈነ በስተቀር በመንገድ መኪና ላይ የሚያመጣው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው። ከኦክስጅን ሰንሰሩ ቀዳዳ ላይ የጭሱን ግፊት ያስለኩ፤ ሞተሩ 2,500 ዙር ላይ ሆኖ ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ ካታላይዘሩ ተደፍኗል፣ ያኔም የሚቀየረው እርሱ ነው።