አጥሬ ላይ የምትዘለው ሸረሪት ምን ዓይነት ናት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው አዳማ ነው። ጠዋት ፀሐይ ነጩ አጥራችን ላይ ስታርፍ አንዲት ግራጫ ሸረሪት ብቅ ትላለች። ከጣት ጥፍር አትበልጥም። ድር የላትም፤ ዝንብ ስታይ እንደ ድመት አድብታ ዘላ ነው የምትይዘው። ጠጋ ስል ደግሞ ዞር ብላ ታየኛለች! ሆዷ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር መስመር አለ፤ ከኋላ ይገናኛል። ፎቶዋን ልኬያለሁ። አማቴ «ከሸናችባችሁ አልማዝ ባለጭራ ታወጣባችኋለች፣ ግደሏት» ይላሉ። ልጄ ደግሞ አትነካም ብላ ታለቅሳለች። ምን ዓይነት ናት? ትነክሳለች?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ፎቶው ደብዘዝ ቢልም ዓይንዎ ጎበዝ ነው። የጻፉት ከፎቶው ይበልጣል።

ዘላይ ሸረሪት መሆኗ አያጠራጥርም። ሳይንሱ ሳልቲሲዴ ይላቸዋል፤ ከ6,000 በላይ ዝርያ አላቸው። ዓይናቸው ስምንት ነው። የጎኖቹ እንቅስቃሴ ይጠብቃሉ፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ትልልቆቹ አጥርተው ያያሉ። እርስዎ ጠጋ ሲሉ በጎን ዓይኗ ያዘችዎት፣ ከዚያ ማን እንደሆኑ ልታጣራ ዞረች። ድር የላትም ያሉት ግን ግማሽ እውነት ነው። ወጥመድ አትዘረጋም እንጂ ከመዝለሏ በፊት ቀጭን ክር ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ዝንቡ ቢያመልጣት እንኳ መሬት አትወድቅም።

ዝርያዋ? ሜኔሜሩስ ቢቪታተስ ትመስለኛለች፣ ያውም ሴቷ። ስንጥቅ ውስጥ የሚያስገባ ጠፍጣፋ ሰውነት፣ አጭር ግራጫ ጸጉር፣ ከኋላ የሚገናኙት ሁለት መስመሮች፣ ሁሉም ይገጥማል። ወንዱን ካዩት ጥቁሩ መስመር መሃል ጀርባው ላይ ነው። ዘሯ ከአፍሪካ ነው፤ ዛሬ በሞቃት አገሮች ሁሉ የቤት ግድግዳ ላይ ትገኛለች።

ከእሷ ጋር የሚምታቱ ሁለት አሉ። የፕሌክሲፑስ ፔይኩሊ ወንድ ደንደን ያለ ነው፤ ጥቁር ሆኖ መሃሉን ሰፊ ነጭ መስመር ያልፋል። የሃሳሪየስ አዳንሶኒ ወንድ ደግሞ ሆዱ ላይ የጨረቃ ግማሽ የመሰለ ነጭ ቅስት አለው። የእርስዎዋ ሁለቱንም አይደለችም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሜኔሜሩስ የሚመሳሰሉ ዘመዶች አሏት። የመጨረሻው ፍርድ በማይክሮስኮፕ ነው፦ የሴቷ ከሆዷ ሥር ያለው የመራቢያ ክፍል፣ የወንዱ ደግሞ አፉ አጠገብ ያሉት አጫጭር እግር መሳዮች ጫፍ ይታያል። በቀለም ብቻ የሚምል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት፣ እኔንም ጨምሮ። የእኛ አገር ዘላዮች ገና ተጠንተው አላለቁም። የፖላንዷ ተመራማሪ ቫንዳ ቬሶዎቭስካ ከባልደረባዋ ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ከኢትዮጵያ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጻለች።

ሌላ ፎቶ ማንሳት ከፈለጉ ብርጭቆ ይድፉባት፣ ከሥር ወረቀት ያስገቡ፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩዋት። ትፈዛለች እንጂ አትሞትም። ከላይ፣ ከፊት፣ በብርጭቆው በኩል ከሥር ያንሷት፤ አጠገቧ የአንድ ብር ሳንቲም ያድርጉ። ከዚያ እዚያው አጥሩ ላይ ይልቀቋት።

መርዝ አላት፣ ግን ለዝንብ ነው። በጣት ተጨፍልቃ ካልተያዘች ሰው አትነክስም፤ ብትነክስም ጉዳቷ ቀላል ነው። ፍሊቱን ያስቀምጡት።

አማትዎን በተመለከተ፣ ይህን ወሬ እኔም እናቴ ቤት ሰምቼ ነው ያደግሁት። አልማዝ ባለጭራ ከሸረሪት ሽንት አይመጣም። በልጅነት ቺክንፖክስ ያወጣብን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲደክም ይነሳል። ስለዚህ በአንድ ጎናቸው ብቻ የሚያቃጥል ሽፍታ ከወጣባቸው ሸረሪት ፍለጋ አይግቡ፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። መድኃኒቱ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው።