ማሽንህን አውድማ ላይ ፈትነው

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቀሃል። ለመመረቂያ የሠራኸው የጤፍ መውቂያ ማሽን ተሸልሟል። አሜሪካ ያለው አጎትህ ሃያ ማሽን የምታመርትበት ገንዘብ ልላክልህ ብሎሃል። የእርሻ መሣሪያ አስመጪ ድርጅት ደግሞ ለሽያጭና ጥገና ሊቀጥርህ ፈልጓል። አባትህ ግን «ኢንጂነር ያስተማርኩት ለሻጭነት ነው?» ብለው የመንግሥት ሥራ ፈልግ ይሉሃል።

የአጎትህን ገንዘብ አሁን አትቀበል። «የጎደለኝ ካፒታል ብቻ ነው» ማለትህ አሳስቦኛል። ማሽንህ እስካሁን የወቃው ግቢ ውስጥ፣ አንተ አጠገቡ ቆመህ ነው። ሃያ ሠርተህ ሃያውም አንድ ዓይነት ጉድለት ቢወጣባቸውስ? አጎትህ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ያጠራቀመው ገንዘብ እኮ ነው።

ጤፍ እንደ ስንዴ አይደለም። ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ማራገቢያው ትንሽ ከበረታ ከገለባው ጋር ይሄዳል። ገበሬው ገለባውን ዘግኖ በመዳፉ ያሸዋል። ፍሬ ካገኘበት ነገ አይጠራህም። ጭዱም የከብት ቀለብ ነው፤ የቤት ምርጊትም ይቦካበታል። ስለ ማሽኑ ፍጥነት ሁለት ገጽ ጽፈህ ስለ ጭዱ ግን አንድ ቃል አላነሳህም። በበሬ የተበራየ ጤፍ አፈርና ጠጠር ይገባበታል። ያንተ ንጹሕ ከወጣ ዋናው መከራከሪያህ እሱ ነው።

ማን ነው የሚገዛህ? ግማሽ ሄክታር ጤፍ ያለው ሰው በዓመት ጥቂት ቀን ለሚሠራ ማሽን ጥሪቱን አያወጣም። አርሲና ባሌን እይ። አብዛኛው ስንዴ አምራች የራሱ ኮምባይነር የለውም፤ ተከራይቶ ያሳጭዳል። ያንተም ገዢ እየዞረ በክፍያ የሚወቃ ወጣት ሊሆን ይችላል። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ነዳጅ ስንት ይበላል? ቺንጋው ቢበጠስ የት አገኛለሁ?

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ያለችህን አንዷን ማሽን ይዘህ አውድማ ውረድ። በኩንታል አስከፍል። በነጻ ከወቃህ ሁሉም ይመርቅሃል፤ የከፈለ ሰው ግን ጉድለትህን ፊት ለፊት ይነግርሃል። ከዚያ ለአንድ የሰፈሩ ልጅ አስረክበህ ዞር በል። አንተ በሌለህበት መሥራቷን ማየት አለብህ።

እስከዚያው የድርጅቱን ሥራ ያዝ። እኔ ገበያን ያወቅኩት መቂና ባቱ አካባቢ የውኃ ፓምፕ ስሸጥና ስጠግን ነው። ገበሬው ከዋጋው በፊት «ሲበላሽ ማን ይሠራልኛል?» ይለኝ ነበር። አንተም ደመወዝ እየተከፈለህ መለዋወጫ እንዴት እንደሚመጣ፣ ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው መቼ እንደሆነ ትማራለህ። አባትህን አከብራለሁ፤ ሽያጭን መናቃቸው ግን ስህተት ነው። የመንግሥቱ ደመወዝ የቤት ኪራይ ተከፍሎ ምን እንደሚተርፈው አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ልማር ያልከው ማስተርስ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ቆይተህ ትደርስበታለህ። ለፈጠራው ጥበቃ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ ስለ «አነስተኛ ፈጠራ» ምዝገባ፣ ማለትም ከፓተንት ቀለል ስላለው የፈጠራ ጥበቃ፣ ጠይቅ። የቅጥር ውሉን ሳታነብ ግን እንዳትፈርም፤ ማሽኑ ከመቀጠርህ በፊት የሠራኸው የግልህ መሆኑ በጽሑፍ ይግባልህ።