የባስ ዘንግ ለሐይቅ ይሆናል?

ወንድሜ፣ አጎትህ ከአሜሪካ ወደ ኮምቦልቻ ሲመጣ የባስ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት)ና ሰው ሠራሽ ማባበያ ሊያመጣልህ ነው። ደሴ አቅራቢያ ባለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ላይ ልሞክረው ነው፣ የቱን ልዘዝ ብለሃል።

መጀመሪያ ዓሣውን እንወቅ። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ ትናንሽ ዓሦችን እያደነ ይበላል። ለዚህ ነው ዓሣ የሚመስል ፕላስቲክ ሲያይ የሚዘለው። ሐይቅ ውስጥ ያለን ግን ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ካርፕ ነው። ቆሮሶ በብዛት የሚበላው አልጌ ስለሆነ ትልልቁን ማባበያ ዞር ብሎም አያየውም። በማባበያው ላይ ብር አታፍስስ። ትናንሽ መንጠቆዎች ያምጣልህ፤ ትልና ሊጥ እዚሁ አለ።

ዘንጉና ሪሉ ግን በደንብ ይሠራሉ። 2 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጠንካራም ለስላሳም ያልሆነ ዘንግና መጠኑ 2500 ቁጥር የሆነ ስፒኒንግ ሪል (ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለውን) እዘዝ። ቤይትካስተር የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሪል እንዳታስመጣ! ከበድ ያለ ማባበያ ለመወርወር የተሠራ ነው። በቀላል ትል ስትወረውር ክሩ እላዩ ላይ ይተበተባል፤ ጀማሪን ያማርራል። ዘንጉ 3 ወይም 4 ቦታ የሚገጣጠም ቢሆን ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ስትሄድም አያስቸግርህም።

ለቆሮሶ 8 ፓውንድ የሚችል ክር ይበቃል። አምባዛ ካማረህ ግን ጉልበተኛ ነውና 15 ፓውንድና ከዚያ በላይ ክር በትርፍ ስፑል (የሪሉ የክር መጠቅለያ) ያዝ፤ ትሉንም እታች ወለሉ ላይ አሳርፈው። ከአጥማጆቹ መረብ ራቅ ብለህ ወርውር፤ እንጀራቸው ነው።