እናቷ ምግብ እምቢ ላሉባት እህት፦ ዛሬ ማታ የስልክሽን ባትሪ አብሪና አፋቸውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት፤ እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። እናትሽ ሦስተኛውን ዙር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከወሰዱ ወዲህ ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ አንድ ጉርሻ በግድ ውጠው «በቃኝ» ይላሉ፣ አንቺም «ተስፋ ቆርጠው ይሆን? ምን ሠርቼ ልስጣቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር «ጸልዪ»፣ «ቀይ ሥር ጨምቂላቸው» የሚል መልስ ተደርድሯል። ጸሎቱ አይቅር። እኔ ግን የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የምንኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ነበረባት። በየ21 ቀኑ ስድስት ዙር ኬሞ ወሰደች። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ስድስቱንም ዙር ያበሰልኩት፣ ያቀረብኩት፣ ያስመለሰችውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። እህት የለኝም። ሰፈሩ «ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ» ሲል ሰምቻለሁ፤ ይበል። ዛሬ እንደኔ አጥሚት የሚሠራ በሰፈሩ እንደሌለ እናቴ ራሷ ለጎረቤት ትናገራለች።

ዋናውን አስቀድሜ ልበልሽ። አለመብላታቸውን እንደ ጠባይ ወይም እንደ ተስፋ መቁረጥ አትዪው። ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መድኃኒት አለው። እኔ ይህን ባለማወቄ ሦስት ሳምንት አባከንኩ። ኬሞ ስትጀምር 58 ኪሎ የነበረች እናቴ 51 ገባች። አራተኛው ዙርም ተላለፈባት።

1ኛ. አፋቸውን እዪ። ምላሳቸውን፣ ጉንጫቸውን በውስጥ በኩል፣ ላንቃቸውን በባትሪ ተመልከቺ። እርጎ የተቀባ የሚመስል ነጭ ነገር ካለ፣ ወይም ቀልቶ የቆሰለ ካለ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ።

እናቴ መጀመሪያ «አፌ ብረት ብረት ይለኛል» ትል ነበር። ቀጥሎ «ያቃጥለኛል» ማለት ጀመረች። እኔ በርበሬው መሰለኝ፣ አልጫ ሠራሁ። አልጫውንም እምቢ አለች። ገንፎ አገነፋሁ፣ እሱንም። በዘጠነኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀና «መሞት ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያችን ቃል መልሼ ብውጣት ስንቱን በሰጠሁ።

በማግሥቱ ለብቻዬ ወደምትታከምበት ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ታማሚዋ የለችም፣ ቀጠሮዋም አልደረሰ፣ ምን ልታደርግ መጣህ?» አለችኝ። ለቀጠሮው 12 ቀን ገደማ ይቀረው ነበር። ለምኜ ወደ ውስጥ ገባሁ። አንዱ ባለሙያ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ካንሰር ነው እኮ ወንድሜ፣ ሁሉም አይበሉም፣ የታወቀ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ እንዲያ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ እኔ አምኜ መመለሴ ነው። ያን ቀን ቆሜ ብከራከር ኖሮ እናቴ ያን ሁሉ ቀን አፏ እየነደደ አትከርምም ነበር።

በቀጠሮዋ ቀን አንድ ወጣት ሐኪም «እስኪ እማማ አፍዎን ይክፈቱ» አሏት። በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያደረጉት። ምላሷ ነጭ ነበር፣ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ። «ይሄ ስንት ቀኑ ነው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። የአፍ ፈንገስ ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ይወጣል፣ ሲብስ ምግብ የሚወርድበት ድረስ ይሄዳል፤ ሰውየው ቢርበውም መዋጥ ያመዋል። ኒስታቲን የሚባል ጠብታ አዘዙላት፤ በቀን አራት ጊዜ አፏ ውስጥ እያንከባለለች አቆይታ ትውጠዋለች። ዋጋውን ብነግርሽ ታዝኛለሽ፣ አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም። የደም ምርመራዋም ዝቅ ብሎ ስለነበር ኬሞው ተላለፈ። የኬሞው መጠን የሚለካው በቁመትና በክብደት ስለሆነ እንደገና አሰሉት።

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ እኔ ተኝቼ፣ «በሶ በጥብጥልኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሮጥኩትን አሁንም አስታውሰዋለሁ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጣችው።

ጠብታውን ግን በራስሽ ገዝተሽ አትስጪ፤ ቁስል ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የምትችይው ይህን ነው፦ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ከምግብ በፊትና በኋላ ይጉመጥመጡና ይትፉት። የብረት ጣዕም ካላቸው የብረት ማንኪያውን አስቀምጪው፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስጫቸው።

2ኛ. የማቅለሽለሽ ክኒኑን ሰዓት አስተካክዪ። እኛ የምንሰጣት ስታስመልስ ነበር። ስታስመልስ ክኒኑም አብሮ ይወጣል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ነው፣ ሐኪሙ እንዲያ ነው ያሉኝ፤ ለማዘርሽ በስንት ሰዓት እንደታዘዘ ወረቀቱን እዪ። ደግሞ ኦንዳንሴትሮን የሚባለው የማቅለሽለሽ ክኒን ሆድ ያደርቃል። አራት ቀን ያልወጣ ሰው ምግብ አያሰኘውም። እናቴ ይህን ለወንድ ልጇ መናገር አፍራ ደብቃኝ ነበር፤ ያወጣጣቻት ጎረቤታችን ናት። አንቺ ሴት ልጅ ነሽ፣ ግልጽ አድርገሽ ጠይቂያቸው። ፓፓያ፣ ብዙ ውኃና ተልባ ለኛ ረድቶናል።

3ኛ. የሚወዱትን ምግብ በኬሞው ሰሞን አትስጫቸው። ይህን ማንም አይነግርሽም።

እናቴ ሐይቅ ዳር ነው ያደገችው። ዓሣ ማለት ለሷ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ዙር የወሰደች ዕለት ደስ ላሰኛት ብዬ ወደ ጣና ዳር ወርጄ ከታንኳ የወረደ ትኩስ ቆሮሶ ገዛሁ። ጠብሼ አቀረብኩ። በጣቷ እሾሁን እየለቀመች፣ እየመረቀችኝ በላች። ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ አስመለሳት። ከዚያ ቀን በኋላ የዓሣ ሽታ አልችልም አለች። ኬሞው ካለቀ ቆይቷል፣ ዛሬም በዓሣ ገበያው በኩል በባጃጅ ስናልፍ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዛለች። ሰውነት ትውከቱን ከዚያ ምግብ ጋር ያያይዘዋል፣ ጥፋቱ የምግቡ ባይሆንም። የዕድሜ ልክ ምግቧን የወሰድኩባት እኔ ነኝ ብዬ አዝናለሁ። ስለዚህ በኬሞው ዕለትና በማግሥቱ ቢጠሉትም የማይቆጭሽን ነገር ስጪ፤ ደረቅ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ድንች ቅቅል። ተወዳጁን ለደህናው ቀን አቆዪው።

4ኛ. «በሞቴ» የሚባለውን ቃል ከቤት አውጪ። ጠያቂ ይመጣል፣ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ተራ በተራ «በሞቴ ይችን ብቻ»፣ «እኔ አፈር ስሆን» እያለ ያጎርሳታል። እሷ ሰው ላለማስቀየም ትውጣለች፣ ሰው ሲወጣ ታስመልሳለች። አንድ ቀን አክስቴ ስታጎርሳት የእናቴ ዓይን እንባ ሞልቶ አየሁ። ከዚያ በኋላ በር ላይ እየቆምኩ «ጠይቋት፣ አጫውቷት፣ በምግብ ግን አታስጨንቋት» ማለት ጀመርኩ። የተቀየመኝ ዘመድ አለ። ይቀየመኝ።

እኔ ራሴም «ብዪ» ማለት ተውኩ። አጥሚቱን በቡና ሲኒ አድርጌ አጠገቧ አስቀምጬ እወጣለሁ። ትልቅ ሳህን ሲያዩ ገና ሳይጀምሩት ይጠግባሉ፤ ሲኒ ግን አያስፈራም። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሲኒ ሲደማመር ቀላል እንዳይመስልሽ። አጥሚቱ ውስጥ ወተት፣ ማርና ትንሽ ቅቤ እጨምራለሁ፣ እያንዳንዷ ጉንጭ ጉልበት እንድትሆን።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼ እንደመጣልኝ ልጻፍልሽ።

ሽታ ዋና ጠላት ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ እናቴ ታቅለሸልሽ ነበር፤ ከሰሉን ወደ አጥሩ ጥግ አወጣሁት። የቡና ቁላት እንኳን ጠልታ ነበር፣ ጎጃሜ ቡና ጠላ ሲባል አስቢው። የዘጌ ሎሚ ልጣጭ በእጇ ይዛ ታሸት ነበር፣ ይቀላታል። (አፍ ከቆሰለ ግን ሎሚውን እንዳይቀምሱት፣ ይለበልባል።) ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ብዙም አይሸትም። እኛን ያተረፈን የሱፍ ፍትፍት ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሱፉ ቅባት አለው። ቃሪያውን ተዪው። አቮካዶም ጥሩ ነው፣ ቤት ታጥቦ የተፈጨ ከሆነ።

ጾም ላይ ተጣልተናል። አምስተኛው ዙር ሁዳዴ ውስጥ ገባ። 55 ቀን ወተትም እንቁላልም አልነካም አለች፤ ጭራሽ እስከ 9 ሰዓት ልጹም ብላ ተነሳች። ብለምን፣ ባለቅስ፣ አልሰማ አለች። በመጨረሻ የነፍስ አባቷን ቤት ድረስ ይዣቸው መጣሁ። አባ አጠገቧ ተቀምጠው «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ይሄ ላንቺ መድኃኒትሽ ነው» አሏት። በዚያው ቀን ወተት ጠጣች። አንቺም አትከራከሪ፣ የነፍስ አባታቸውን ጥሪ። ጠበልም ቢሆን አትከልክዪ፤ ባዶ ሆድ ውለው እንዳይጠመቁ ብቻ ተነጋገሩ።

የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀታችንን ታውቂዋለሽ። በቀትር ማንም ጤነኛ እንኳን አይበላም። እኔ ዋናውን ምግብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አደረግኩት። ደህና በሆነችበት ቀን ደግሞ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ዘንባባዎቹ ሥር አሥር ደቂቃ ያህል ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ ነፋሱ ሲነካት ስትመለስ ትንሽ ያሰኛታል።

አንድ ደብተር ግዢ። በየቀኑ ምን እንደበሉ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሱ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ኪሏቸውን ጻፊ። እኔ ከአራተኛው ዙር ጀምሬ ስጽፍ ያየሁት ነገር አለ። በኬሞው ዕለትና በማግሥቱ ትንሽ ትበላለች፤ ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት አብሮ ስለሚሰጥ ነው፣ እሱ ምግብ ያስበላል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ትወድቃለች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትመለሳለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አልጨነቅም፣ ፈሳሹ እንዳይቀርባት ብቻ እጠብቃለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እንቁላሉን፣ ዶሮውን፣ ምስሩን አሰልፋለሁ። 51 የነበረችው ስድስተኛው ዙር ላይ 54 ሆና ነው የጨረሰችው። ደብተሩን ያ ወጣት ሐኪም አገላብጠው አይተው «ሁሉም አስታማሚ እንዲህ ቢያደርግ» ብለውኛል።

ምግብ ይከፍታል የሚባል ሽሮፕም ገዝቻለሁ። ሻጩ «ለካንሰር በሽተኛ አንደኛ» ብሎ 1,800 ብር ተቀበለኝ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች፣ ምግብም አልበላች። ሐኪሙ ሲሰሙ ተቆጡ፤ ለኬሞ ታማሚ ሳይጠየቅ ምንም አይሰጥም፣ የሀበሻ መድኃኒትም ቢሆን። ገንዘቤ ቢቀርም አንቺ እንዳትደግሚው።

ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ በደንብ ያልበሰለ እንቁላል በፍጹም። ዘመድ ከገጠር «ከላሟ ጡት የታለበ» ብሎ ያመጣል፤ አመስግነሽ ተቀበዪና አፍልተሽ ስጪ።

ቴርሞሜትር ከሌለሽ ዛሬውኑ ግዢ። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከገባ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ሆስፒታል፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ውኃ እንኳ የማይቆይላቸው ከሆነ ወይም ሽንታቸው ከቀነሰና ከጠቆረም እንደዚያው።

ነገ ወደ ሐኪም ስትሄጂ ማዘርን ይዘሻቸው ሂጂ፣ ለብቻሽ ከሄድሽ እንደኔ ይመልሱሻል። «አይበሉም» ብለሽ አትጀምሪ። «መዋጥ ያማቸዋል፣ ይህን ያህል ኪሎ ቀንሰዋል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» ብለሽ ቁጥሩን ንገሪያቸው። አፋቸውን ሳያዩ ከክፍሉ እንዳትወጪ። ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።