የጦሳ ልጅ በበረዶ ጫካ

የደሴ ልጅ ብርድ አያስፈራውም። ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያደገ፣ በታኅሣሥ ጠዋት አመዳይ የመታውን ሣር እየረገጠ ትምህርት ቤት የሄደ፣ ቅዳሜን ጦሳ ተራራ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰው ነው። ውጭ አገር ላላችሁ የአገሬ ልጆች የምሰጋውም ለዚሁ ነው። ዳገቱን ንቃችሁ እንዳትወጡ።

ግን መጀመሪያ ውጡ። ደሴ ተመልሼ ከገባሁ ወዲህ የበረዶው ወቅት ሲመጣ የሚደወልልኝ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ፣ ፀሐይ ካየሁ ሰነበትኩ። ያ ጨለማ ሰውን ሳያውቀው ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። በእረፍት ቀናችሁ ከከተማው ዳር ያለው ጫካ ግቡ። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የየጎፍን ጽድ የሚያውቅ ሰው እዚያ አይከፋውም። በረዶው ድምፅ ስለሚውጥ የመኪናው ጫጫታ ወዲያው ይጠፋል፤ የሚሰማው የራስ ጫማ ብቻ ነው።

ልዩነቱን ልንገራችሁ። የደሴ ብርድ የጠዋትና የማታ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ይረግፋል፣ ጋቢውም ይወልቃል። እዚያ ግን ፀሐይዋ ብትወጣም ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ብርሃን እንጂ ሙቀት የላትም። አንዴ የረጠበ ልብስ ቀኑን ሙሉ እንደረጠበ ይውላል። በበረዶ ጫካ ሰውን ቶሎ የሚጥለው እርጥበት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራስ ላብ ነው።

አንዴ እዚያ ሳለሁ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ይዤ ወጣሁ። ጅንስ ሱሪ፣ ከውስጥ የጥጥ ቲሸርት፣ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ጃኬት ለብሷል። የሐረጎን ዳገት የለመደ እግር ስለሆነ ቀድሞኝ ወጣ። ከላይ ደርሰን ጃኬቱን ሲከፍት ከደረቱ እንፋሎት ተነሳ። ሻይ ቀድቼ ሳልጨርስ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። የሱሪው ጫፍ በረዶውን ጠጥቶ ጠንክሮ ቁርጭምጭሚቱን ይፍቀዋል። ቲሸርቱን አስወልቄ ከቦርሳዬ ደረቅ ሹራብ አለበስኩትና እዚያው ተመለስን።

ስለዚህ ከሰውነታችሁ ጋር የሚነካካው ልብስ ሱፍ ወይም ስፖርተኛ የሚለብሰው ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥ አይሁን። በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ብርድ ብርድ ካላችሁ ልክ ነው። ሲሞቃችሁ ሳያልባችሁ አውልቁ፤ ስትቆሙ ሳይበርዳችሁ ደርቡ። መለዋወጫ ካልሲና ጓንት በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ጋቢው እቤት ይጠብቃችሁ፣ እሱም ጥጥ ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። ደሴ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ ሰውነታችን ያንን ለምዷል። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ላይ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሚኒያፖሊስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ። ወፍራም በረዶ ላይ መንገዱ ከለመዳችሁት እጥፍ ሊፈጅ ይችላል፣ አዲስ በረዶ ከጣለ ደግሞ ዱካችሁም ይጠፋል። የምትመለሱበትን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ቁረጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የትም ብትሆኑ ዙሩ። የት እንደምትሄዱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ደረት ኪስ ውስጥ አድርጉት። አውሮፓ 112፣ አሜሪካና ካናዳ 911 ነው።

ስንቅ ላይ የእኛን የሚያህል የለም። ቆሎና በቅቤ የታሸ በሶ ብርድ አያበላሻቸውም፣ ጉልበትም ይሰጣሉ። ዝንጅብል ያለው ሻይ በፔርሙስ ያዙ። የውሃ ጠርሙሱን ክዳኑን በደንብ አጥብቃችሁ ገልብጡት፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር አፉ አይደፈንም።

ይህን ደግሞ አደራ እላለሁ። ብርድ የመታው ቆዳ ይቀላል ወይም ይነጣል ተብሎ በየቦታው ይጻፋል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ግራጫማ ወይም የገረጣ ከሆነ፣ ከደነዘዘና ከጠነከረ ተጠንቀቁ። በበረዶ አትሹት፣ እሳትም አታስጠጉት፤ ሸፍናችሁ ወደ ሙቅ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም። አብሯችሁ ያለው ሰው ምላሱ ከተሳሰረና እየተደናቀፈ ከሆነ፣ መንቀጥቀጡ ቢቆምም ተሻለው አትበሉ። ባሰበት ማለት ነው፤ ወዲያው ደውሉ።

የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ የአገሩ ሰው ሳይኖር አትርገጡ። በረዶ የለበሰ ሐይቅ ሜዳ መስሎ ያታልላል።

ፀሐይ አየሁ ብላችሁም ቫይታሚን ዲን አትርሱ። በዚያ ወቅት ሰሜን ላይ ያለችው ፀሐይ ለጥቁር ቆዳ አትበቃም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ለመጀመሪያ ቀን ምልክት ያለበት፣ ዞሮ መነሻው ላይ የሚመልስና ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ይበቃችኋል። በረዶው ተረግጦ መስታወት ከሆነ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ጥርስ ሰንሰለት ያስፈልጋል። ዕቃ ውድ ነው ብላችሁ አትቅሩ። ስዊድን ያላችሁ ፍሪቲድስባንከን ሂዱ፤ የስፖርትና የመዝናኛ ዕቃ እስከ 14 ቀን በነጻ ያውሳል። ኖርዌይ ደግሞ እንዲሁ ዕቃ የሚያውስ ቡአ የሚባል አለ። ሌላ አገር ያላችሁ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን እዩ፤ የሱፍ ሹራብ እዚያ በርካሽ ይገኛል።